ንጹሕ ወለል ፍለጋ

እህቴ ያኤኮ በደሴታችን ዋና ከተማ በናሃ ገበያ ውስጥ ዓሣ ስትሸጥ ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት ናት። እጇ ዓሣ ዓሣ ይላል፤ ሽርጧም ፀጉሯም እንደዚያው። ታክሲዬ ውስጥ የገባች ዕለት ከእሷ በኋላ የሚሳፈረው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ መስኮት ያስከፍተኛል። ይህን የምለው ላማት ብዬ አይደለም። እንዲህ ሆና ሳለ በከተማው ውስጥ እንደ እሷ ቆሻሻ የሚጸየፍ ሰው እንደሌለ እንድታውቁልኝ ነው። ገበያው ሊዘጋ ሲል ሌላው ነጋዴ አንድ ባልዲ ውሃ ደፍቶ ይሄዳል፤ እሷ ግን ተንበርክካ የቆመችበትን ወለል በጨርቅ ትወለውላለች። ጎረቤቶቿ "ያኤኮ፣ ልትተኚበት ነው እንዴ?" እያሉ ይስቁባታል። "ካንተ አልጋ ይሻላል" ትላለች።

ይህን አመል ያመጣችው ከካራቴ ነው። ልጅ ሳለች ሰፈራችን ውስጥ መምህር ቶባሩ የሚባል ሰው ነበር። በሙያው ጣራ ሠሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ቀይ ሸክላ ሲደረድር ይውልና ሲመሽ ከቤቱ ሥር ባለችው ክፍል ካራቴ ያስተምራል። ያ ክፍል አንድ ሕግ ነበረው። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ሰው፣ መምህሩ ራሱ ሳይቀር፣ እርጥብ ጨርቅ መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ሁለት እጁን ጭኖበት፣ ቂጡን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ወለሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሮጠ ይወለውላል። እኔ በመስኮት እያየሁ በሳቅ እሞት ነበር። ቶባሩ ግን "የካራቴ ቤት መርጠህ ልትገባ ስትፈልግ ከጡጫው በፊት ጨርቁን እይ" ይል ነበር። እህቴ ይህን እንደ ጸሎት ይዛዋለች።

አንድ ዝናባማ ቀን ቶባሩ ከጣራ ወደቀ። ዳሌው ተሰበረ፤ ዳነም፤ ግን ግራ እግሩ መጎተት ጀመረ። በዚያ ወቅት ነው ያኤኮን የመጨረሻውን ካታ ያስተማራት። ካታ ማለት አንድ ሰው ብቻውን ከማይታይ ጠላት ጋር የሚሠራው የተቀናበረ ውጊያ ነው። መሐል ላይ በአንድ እግር ቆመው ሌላውን አንሥተው የሚዞሩበት አንድ ዙሪት አለ፤ ቶባሩ እዚያ ሲደርስ እግሩ ወለሉ ላይ "ሽሽሽ" እያለ ይጎተታል። ያኤኮም እሱን ስትቀዳ እግሯን ጎተተች። ቶባሩ ተቆጣ። "እሱ የኔ ዳሌ ነው፣ ካታው አይደለም! አንሺና አስቀምጪ! እኔ እንግዲህ ቀጥ አድርጌ አልሠራውም፤ አንቺ ቀጥ አድርገሽ አንድ ቀን አሳዪኝ" አላት። "እሺ" አለች። ከማሳየቷ በፊት ሞተ።

ከዚያ በኋላ ያኤኮ አገባች። አማቷ አልጋ ላይ ወደቁ፣ ባሏ የዓሣ ንግዱን ጥሎባት ሞተ፣ ልጆች አደጉ። ካራቴው እንዲሁ ቀረ። ጉልበቷም ከዚያ ሁሉ መቆም የተነሣ ተበላሸ።

እኛ ዘንድ ሰው በሞተ በሠላሳ ሦስተኛ ዓመቱ የመጨረሻው ተዝካር ይወጣለታል። ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ የሚቆመው ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ ይነሣና እሱም ከቀደሙት አያቶች ጋር ይቀላቀላል፤ ለብቻው ጠርቶ ማነጋገር የለም። የቶባሩ ሠላሳ ሦስተኛ ዓመት መድረሱን ያኤኮ በፀደይ መጀመሪያ ላይ ሰማች። ተዝካሩ በመኸር ነው። ያን ዕለት ታክሲዬ ውስጥ ገብታ ገና በሩን ሳትዘጋ ጀመረች።

"ሞሪዮ፣ ካራቴ ልመለስ ነው።"

"በየትኛው ጉልበትሽ?"

"ባለኝ ነዋ።"

"እትዬ፣ ስልሳን እኮ አልፈሻል። ደረጃ ስትወጪ የሚሰማው ድምፅ የኔ መኪና መስሎኝ ሁለቴ ወርጄ አይቻለሁ።"

"አፍህን ዝጋና ንዳ። ለመምህር አሳየዋለሁ ያልኩት ነገር አለ። ከዚህ መኸር ካለፈ የማሳየው ሰው የለም።"

"ታዲያ ቤትሽ ሥሪያ! ማን ከለከለሽ?"

"ቤቴ ሦስት እርምጃ ስሄድ ማቀዝቀዣውን ነው የምመታው። ደግሞ ካታ ዓይን ይፈልጋል። ብቻዬን ስሠራ ስህተቴን ማን ያርመኛል? አንድ ደኅና የካራቴ ቤት እንፈልጋለን።"

"እንፈልጋለን" ስትል ነው የገባኝ። እኔ ካራቴ የሚባል ነገር አልወድም። አየር ማረፊያ ቆሜ የምጭነው ቱሪስት ሁሉ ገና ሻንጣውን ሳያስገባ እጁን እንደ መጥረቢያ እያወናጨፈ "ካራቴ? ካራቴ?" ይለኛል። ሰው አገሩን በአንድ ቃል ብቻ ሲጠሩበት ቃሉ ራሱ ይሰለቸዋል። ግን ታላቅ እህት ናት፤ ምን አደርጋለሁ፣ ነዳሁ።

የመጀመሪያው ቤት ከዋናው መንገድ ላይ ከስጦታ ዕቃ መደብር በላይ ነበር። ደረጃውን ወጥተን በሩን ስንከፍት የተቀበለን ሽታው ነው። ወለሉ ላይ የተነጠፈው የላስቲክ ምንጣፍ የስንት አገር ሰው ላብ እንደጠጣ እግዜር ይወቀው፤ ካልሲ ሞቶ ሳይቀበር የቀረበት ቤት ይመስላል። ስምንት የሚሆኑ ፈረንጆች ይጮኻሉ። መምህሩ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ጎረምሳ ነው፤ ቀበቶው ላይ ስሙን በወርቅ ክር አስጠልፎታል። ከሳምንት በፊት መጥቶ ነገ ወደ አገሩ ለሚመለስ አንድ ቀይ ሰውዬ ጥቁር ቀበቶ ሲያስርለት አየሁ። እህቴ ለዚያ ቀበቶ ስንት ዓመት ስታለቅስ እንደኖረች ስለማውቅ ምራቄ መረረኝ።

ጎረምሳው ያኤኮን ሲያይ ፊቱ በራ።

"እማማ! እንዴት ነዎት! እስቲ እዚያ ጥግ ይቁሙልኝ፣ እንደዚህ፣ ጡጫዎን ጨብጠው። የጥንት የደሴቲቱ ሴት! ለፎቶ እኮ ግሩም ነዎት!"

"ልለማመድ ነው የመጣሁት፣ ልጄ።"

"አዎ አዎ፣ ይለማመዳሉ! ፎቶውን እናንሣና።"

"ወለሉን መቼ ነው የምትወለውሉት?"

"ምን አሉኝ?"

"ወለሉን።"

"እ... የጽዳት ሠራተኛ አለን፣ እማማ። ሰኞ ሰኞ ትመጣለች።"

ቀኑ እሑድ ነበር። ያኤኮ ጫማዋን አውልቃ ጥቂት እርምጃ ረግጣ ነበርና መኪናው ውስጥ ስትገባ እግሯን አንሥታ አፍንጫዬ ሥር አመጣችው።

"እይ።"

"አላይም።"

"እይ አልኩህ!"

አየሁ። ጥቁር ነበር። ፀጉር ተጣብቆበታል፤ የእሷ ያልሆነ ፀጉር፣ ቀይ።  ለመሪው መጥረጊያ የያዝኩትን ፎጣ ሰጠኋትና እግሯን ጠረገችበት፤ ፎጣውን ከዚያ በኋላ አልነካሁትም፣ ጣልኩት።

ሁለተኛውን ቤት የነገረን ገበያ ውስጥ የባሕር ቅጠል የሚሸጠው ጎረቤቷ ነው። "ልጆቻቸው ዋንጫ በዋንጫ ናቸው! ወለላቸውም መስተዋት ነው!" አለ። እውነትም መስተዋት ነበር። የወረዳው የስፖርት አዳራሽ ነው፤ እናቶች ዳር ተደርድረው የራሳቸውን ልጅ "ግደለው!" እያሉ ይጮኻሉ። ያኤኮ ወለሉን አይታ ፈገግ አለች። "ይሄ ቤት ያውቅበታል" አለችኝ በጆሮዬ።

ነገሩ የገባን ቆይተን ነው። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጋጠሙ። ሲያበቁ መምህሩ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ወፍራም ሰው፣ "የተሸነፋችሁ፣ ጨርቅ!" ብሎ ጮኸ። የተሸነፉት ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ጨርቅ አመጡ። ያሸነፉት ቆመው እየሳቁ እነሱ ወለሉን መወልወል ጀመሩ። እናቶቹም ይስቃሉ። አንዲት ልጅ ስትወለውል እንባዋ ይንጠባጠባል፤ ያንጠባጠበችውን መልሳ ትወለውላለች። መምህሩ ከላይ ቆሞ "እዚህ ጋ ቀርቷል፣ ተሸናፊ!" ይላታል።

እኔ ልነሣና ልሂድ አልኩ። ያኤኮ ግን ካፖርቷን አወለቀች። ከባልዲው ጨርቅ አነሣች፣ ጨመቀች፣ ከልጅቷ ጎን ተንበረከከች፣ ቂጧን ሰቅላ እኩል መወልወል ጀመረች። ጉልበቷ ሲንቋቋ እኔ የተቀመጥኩበት ድረስ ይሰማል።  መምህሩ በድንጋጤ ፊሽካውን ነፋ።

"እማማ! እማማ፣ ይነሡ እንጂ! እርስዎ እኮ አልተሸነፉም!"

ያኤኮ እስከ ጫፍ ሄዳ፣ ተመልሳ፣ ጨርቁን አጥባ ሰቀለች። ልጅቷን "ጨርቁን ስትጨምቂ ወደ ውስጥ አዙሪው፣ እጅሽን ያጠነክረዋል" አለቻት። መምህሩን ግን ቀና ብላ አላየችውም። መኪናው ውስጥ ከገባን በኋላ "ይሄኛው ከመጀመሪያው ይከፋል" አለች። እኔም እንደዚያ ነው የተሰማኝ። ያኛው ቆሻሻውን አልጠረገም፤ ይሄኛው ጨርቁን ራሱ አቆሸሸው።

የቀረው ጋሽ ኡንተን ነበር። ኡንተን በቶባሩ ቤት የያኤኮ ታላቅ የልምምድ ጓድ ነው። ቶባሩ ከጣራ በወደቀ ቀን ከሸክላው ስብርባሪ ውስጥ አንሥቶ በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰው እሱ ነው። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ሁለት ፎቅ የካራቴ አዳራሽ አለው፣ ከባሕር ማዶ እየተጠራ ያስተምራል፣ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ያኤኮ ወደ እሱ መሄድ የጠላችው ስለተቀያየሙ አይደለም። "ትልቅ ሰው ደጅ መቆም አልወድም" ብላ ነው። ግን የቶባሩን ካታ የሚያውቅ ዓይን ያለው ሌላ ሰው አልቀረም፤ ሄድን።

ስንገባ ከፊት ለፊታችን የቶባሩ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ከሥሩ ደግሞ በወርቅማ ክፈፍ፣ በመስተዋት ውስጥ፣ አንድ ግራጫ ጨርቅ። ያኤኮ ቀርባ አየችው፤ ወደ እኔ ዞረች።

"የመምህር ጨርቅ ነው" አለች። "መወልወያው።"

"ምን ይሠራል እዚያ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ!"

ጨርቁ ክፈፍ ውስጥ፣ ሠራተኛዋ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ፤ ከሌላ ደሴት የመጣች ሴት በማሽን ወለሉን ስትጠርግ አልፈናት ነው የገባነው። ከዚያ በላይ አስጸያፊ ነገር አላይም ብዬ ነበር። ውስጥ ስንገባ ግን አርባ የሚሆኑ ሰዎች ያንን ካታ እየሠሩ ነው። ዙሪቱ ጋ ሲደርሱ አርባው ሰው በአንድነት ግራ እግሩን ጎተተ። "ሽሽሽሽ!" አዳራሹ ሙሉ እባብ ሆነ። ኡንተን መሐላቸው እየተዘዋወረ "አዎ፣ መሬቱን ስሙት! ይሄ የተደበቀው እርምጃ ነው! የቶባሩ ምስጢር!" ይላል። አንዱ ነጭ ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንባ አቅርሮ ነው እግሩን የሚጎትተው።

እኛ ሰዎች መምህር ያደረገውን ሳንጠይቅ መቅዳት ልማዳችን ነው። መምህሩ ካስነጠሰ እናስነጥሳለን። ያ አይገርመኝም። ያስጠላኝ ያንን ዳሌ በጀርባው የተሸከመው ሰው ይህን ማስተማሩ ነው።

ኡንተን ሻይ አስቀርቦ አስተናገደን። "ያኤኮ! እንዴት ከረምሽ! ለተዝካሩ አታስቢ፣ ሁሉን ነገር እኔ ይዤዋለሁ። ካታውን ሻምፒዮን የሆነው ተማሪያችን ይሠራዋል። ሴቶቹ ወጥ ቤት ሰው ያስፈልጋቸዋል፣ አንቺ ደግሞ ዓሣ ታውቂበታለሽ።"

"ጋሽ ኡንተን" አለች፣ "ያ እርምጃ እኮ ዳሌው ነበር።"

"የቱ?"

"አያሞኙኝ። የሚጎትቱት። እርስዎ ነዎት አዝለው የወሰዱት!"

ኡንተን ሻዩን አስቀመጠ። ፊቱ አልተለወጠም። "ያኤኮ፣ መምህር ለእያንዳንዳችን እንደ አቅማችን ነው የነገረን። ለአንቺ ዳሌ ነው ብሎሽ ይሆናል። ለእኔ የነገረኝ ሌላ ነው።"

"ምን አለዎት?"

"እሱን ለመናገር አልተፈቀደልኝም።"

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ያኤኮ ጎንበስ ብላ እጅ ነሥታ ወጣች። መኪናው ውስጥ እግሯን አንሥታ አላሳየችኝም፤ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። "ሰውየውን ነው ክፈፍ ውስጥ ያስገባው" ብቻ አለች። እኔ ግን ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እያልኩ፣ ሟች መልስ አይሰጥም ብሎ የተዳፈረውን ያን ሰው እስከ ቤቷ ድረስ ሰደብኩት። አላስቆመችኝም።

እናም የካራቴ ቤት ሳናገኝ ቀረን። ያኤኮ በበጋው ገበያው ከተዘጋ በኋላ የራሷን ወለል ወልውላ እዚያው መለማመድ ጀመረች፤ ዓይን የሆንኳት እኔ ነኝ። የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ነው የማያት።

"እንዴት ነበር?" ትላለች።

"ዶሮ ትመስያለሽ።"

"የት ጋ?"

"ሁሉም ጋ።"

"ሞሪዮ! ዙሪቱን ነው የምጠይቅህ። እግሬ ተነሥቷል ወይስ ተጎትቷል?"

"ተጎትቷል።"

"እንደገና።"

ጉልበቷ ያብጣል። በረዶ ከዓሣው ሥር አንሥታ ታስርበታለች፤ በረዶው ሲቀልጥ የዓሣ ደም እየቀላቀለ በባቷ ላይ ይወርዳል። ያስጠላል እላለሁ፤ ትስቃለች። አንዳንድ ቀን እግሯ ተነሥቶ በጸጥታ ያርፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይሆንላትም። በነሐሴ መጨረሻ "ተይው፣ እትዬ፣ መምህሩ ይረዳሻል" አልኳት። "የሚረዳኝማ ከሆነ ለምን ቃል አስገባኝ?" አለችኝ።

የተዝካሩ ቀን የቶባሩ ልጅ ቤት ሞልቶ ነበር፤ ያው የድሮው ቤት ነው። ላይኛው ክፍል ውስጥ ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ ፊት ለፊት ቆሟል፤ ከጎኑ የተቀቀለ የአሳማ ሥጋ፣ የባሕር ቅጠል፣ አረቄ። የመጨረሻው ተዝካር እንደ ሠርግ ነው፤ ልቅሶ የለበትም። የቶባሩ ባለቤት እማማ ኡሺ ሰሌዳው አጠገብ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከእርጅና ብዛት ሕፃን አክለዋል፤ ብዙ ሰው አይሰሙም ብሎ እሳቸውን ማናገር ትቷል። ኡንተን ጥቁር የክብር ልብስ ለብሶ መሐል ላይ ነው። ያኤኮ ወጥ ቤት ናት፤ ትሪ ይዛ ስትገባና ስትወጣ አያታለሁ።

የኡንተን ሻምፒዮን ተነሣ። ልጁ ጥፋት የለበትም፤ የተሰጠውን ነው የሠራው። ግን ሲጮህ ጽዋዎቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ደረቱን እንደ አውራ ዶሮ ይነፋል፣ ዙሪቱ ጋ ሲደርስ አዲሱ ምንጣፍ ላይ "ሽሽሽሽ" አደረገው፤ ዓይኑን ወደ እንግዶቹ እያማተረ። "ኧረ ድንቅ ነው" አሉ እንግዶቹ። ኡንተን ተነሥቶ ስለ ተደበቀው እርምጃ ንግግር አደረገ። 

ያኤኮ ትሪዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሽርጧን ፈታች። ወደ እማማ ኡሺ ሄዳ ተንበረከከች።

"እማማ፣ መምህርን አንድ ነገር አሳየዋለሁ ብዬ ነበር። ከዛሬ ካለፈ አይሆንም። ይፈቅዱልኛል?"

"ምን እኔን ትጠይቂያለሽ?" አሉ እማማ ኡሺ፤ ድምፃቸው ከአካላቸው ይበልጣል። "የሚጠብቅሽ እሱ ነው።"

ኡንተን ፈገግ አለ። "እስቲ ይሁን። ለዕድሜዋ ስንል እናጨበጭብላታለን።"

ያኤኮ ሰሌዳው ፊት ቆመች። አልጮኸችም። ጡጫዋም እንደ ሻምፒዮኑ ጡጫ አየር አልቀደደም። ግን እኔ በጋውን ሙሉ የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ያየኋት ሰው ነኝና ደኅና እየሄደች እንደሆነ አውቃለሁ። እስከ ዙሪቱ። ዙሪቱ ጋ ስትደርስ ጉልበቷ ከዳት። ስትወላገድ እግሯ ምንጣፉ ላይ ተጎተተ፤ "ሽሽሽ።"

ኡንተን ጭኑን በመዳፉ መታ። "ያ ነው! አያችሁ? ሰውነት አይረሳም! ያን ሁሉ ዓመት ትታው እንኳ ምስጢሩ ከውስጧ አልወጣም!" እንግዶቹ አጨበጨቡ። አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ጠረጉ።

በሕይወቴ ብዙ የሚያስጠላ ነገር አይቻለሁ። ታክሲ ውስጥ የማይደረግ የለም። እንደዚያ ጭብጨባ ግን ያስጠላኝ የለም። ያኤኮ መሐል ላይ ደርቃ ቀረች።  ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆመች።

"ይሄ ጉልበቴ ነው" አለች።

ጉልበቷን ይዛ ወደ እንግዶቹ ዞረች።

"የኔ የዓሣ ሻጭ ጉልበት ነው። የመምህር ደግሞ የጣራ ሠሪ ዳሌ ነበር። ምስጢር የለውም።"

ኡንተን ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ ከትራሱ በኩል አንድ ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ ሳል መሰለን። እማማ ኡሺ እየሳቁ ነው። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ።

"በዝናብ አትውጣ፣ ሸክላው ያዳልጣል ብዬው ነበር!" አሉ። "ሰምቶኝ ያውቃል? ከዚያ በኋላ ሽንት ቤት ሲሄድም እንደዚያው ነበር የሚጎትተው። ሌሊት ሌሊት ሽሽሽ፣ ሽሽሽ! እንቅልፍ ነሥቶኝ ነው የሞተው!"

አንዱ እንግዳ ሊስቅ ብሎ አፉን በእጁ ያዘ። ኡንተን ቀላ። "እማማ፣ እንግዶች አሉ..."

"አውቃለሁ። አዝለህ ሐኪም ቤት የወሰድከው አንተ ነህ፣ አመሰግንሃለሁ። አሁን ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። እማማ ኡሺ ለያኤኮ እጃቸውን ወዘወዙ። "በይ፣ ከመጀመሪያው።"

ያኤኮ ከመጀመሪያው ጀመረች። ዙሪቱ ጋ ስትቃረብ እኔ ሳላውቀው የራሴን ጉልበት በሁለት እጄ ይዤ ነበር። እግሯ ተነሣ። ፊቷ በሕመም ተጨማደደ፣ ጥርሷን ስትነክስ አየሁ፣ ግን እግሩ ዞሮ ድምፅ ሳያሰማ አረፈ። የቀረውን ጨረሰችና ሰሌዳው ፊት አጎነበሰች። ማንም አላጨበጨበም። የቶባሩ ልጅ ተነሥቶ የአባቱን የስም ሰሌዳ ከቦታው አነሣ፤ ያኤኮ ቀና ስትል ቦታው ባዶ ነበር።

ስንወጣ እማማ ኡሺ እጅጌዋን ይዘው አስቆሟት። "ታች ያለው ክፍል ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንደተዘጋ ነው" አሉ። "ድመቶች ገብተውበታል። ጨርቅ ይዘሽ ነይ።" ወደ እኔ አዩ። "አንተም።"

በሳምንቱ ሄድን። በሩን ስከፍት የድመት ሽንቱ ዓይኔን አቃጠለኝ። የሞተ አይጥ አለ፤ ከአይጡም ቀድሞ የሞተ ሌላ ነገር አለ፤ ምን እንደነበረ አላጣራሁም። ሁለቴ ወጥቼ አስታወክሁ። ኡንተንንም ቶባሩንም ካራቴንም እየረገምኩ፣ ቂጤን ሰቅዬ፣ ልጅ ሳለሁ በመስኮት የሳቅሁበትን ወለል ስወለውል ዋልኩ። ውሃው ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ እንለውጣለን፤ እንደገና ጥቁር። ቀትር ካለፈ በኋላ ያቺ በስፖርት አዳራሹ እያለቀሰች ስትወለውል ያየናት ልጅ ከእናቷ ጋር በሩ ላይ ቆማ አየኋት፤ ማን እንደነገራት አላውቅም። ያኤኮ ምንም ሳትጠይቅ ጨርቅ ወረወረችላት።

ሲጨልም ያኤኮ ባዶ እግሯን ክፍሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዳ ተመለሰች። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና እግሯን አንሥታ አፍንጫዬ ሥር አመጣችው።

"እይ።"

"አላይም።"

"እይ አልኩህ!"

አየሁ። ንጹሕ ነበር። አንድ የዓሣ ቅርፊት ብቻ ተረከዟ ላይ ተለጥፏል፤ የራሷ።